ከመሮጤ በፊት አማቴ ደህና ነበሩ

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ይህን ቀድሜ የምነግራችሁ ልኩራራ ብዬ ሳይሆን የመከራዬ ሁሉ መነሻ ስለሆነ ነው። ሌላው ሰው ሲወፍር ሱሪው ይነግረዋል። አንድ ቀን ጠዋት ቁልፉ አልገባም ይላል፤ ሰውየው ይደነግጥና ወይ ምግብ ይቀንሳል ወይ አዲስ ሱሪ ይገዛል። የኔ ሱሪ ግን ሊናገር አፉን በከፈተ ቁጥር ስፌቱን እተረትርና አንድ ጣት አሰፋዋለሁ። ዝም ይላል። እንዲህ ስንሸዋወድ ስምንት ዓመት ሞላን። በስተመጨረሻ የሚለቀቅ ጨርቅ ሲያልቅ በግራና በቀኝ ቁራጭ ቀጠልኩበት፤ ለሚጠይቀኝም «አዲስ የመጣ ፋሽን ነው» አልኩ። ሁለት ደንበኞች እኛም እንደዚያ ይሰፋልን ብለውኝ ሰፍቼላቸዋለሁ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ሁለቱም ቀጫጮች ነበሩ።

እውነቱን ያወጣችው እግሬ ናት። የስፌት መኪናውን የምረግጥበት ቀኝ እግሬ ይደነዝዘኝ ጀመረና ጤና ጣቢያ ሄድኩ። እዚያ ያለችው ሲስተር ጣቴን ወግታ ደም ወሰደች፤ ቀጥላ ከኪሷ ምን ብታወጣ ጥሩ ነው? ሜትር። በሃያ ዓመት የሥራ ዘመኔ ሰው ሜትር ይዞ ወደ እኔ ሲመጣ ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነበር። ወገቤን ዞረችበትና ቁጥሩን ልትጽፍ ስትል ሙያዬ አላስቻለኝም።

«ሲስተር፣ እንዲህ አይያዝም። ከኋላ ወርዶብሻል» አልኳት። ሜትሩን ተቀብዬ፣ እምብርቴ ላይ አስተካክዬ፣ በሙያው ደንብ ራሴን ለካሁ። ከእሷ ልኬት በአራት ሴንቲ በለጠ።

«እንኳን አረሙኝ» አለችና የኔን ጻፈች። ከዚያ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «ጋሼ፣ ስኳርዎ ጫፍ ላይ ነው። ገና አልያዘዎትም፤ ግን በዚህ ከቀጠሉ መያዙ አይቀርም። ከዛሬ ጀምረው አመጋገብዎን ያስተካክሉ። በየቀኑ ደግሞ ላብዎ እስኪወጣ ይንቀሳቀሱ።»

«ልጄ፣ ሸዋ ሮቢት እኮ ነው ያለነው። የኔ ላብ ቁጭ ብዬም ይወጣል» አልኳት።

አልሳቀችም።

ባለቤቴ አስቴር ነገሩን ስትሰማ መጀመሪያ አለቀሰች፤ እንባዋን ጠርጋ ስታበቃ ግን ሌላ ሰው ሆና ተነሳች። ስኳሩ ከቤት ወጣ። ቅቤው ወጣ። ነጭ ዳቦ ወጣ። ማንጎ እንኳ ወጣ! ሮቢት ተወልዶ፣ ሮቢት አድጎ፣ በማንጎ ወቅት ማንጎ የተከለከለ ሰው ካለ እስኪ ይምጣና ተቃቅፈን እናልቅስ። በምትኩ የገባው ማሾ የሚሉት ጥራጥሬ ነው። ማሾ አረንጓዴ ነው፣ ትንሽ ነው፣ ሲያዩት ደግ ይመስላል። ጠዋት የማሾ ቅቅል፣ ምሳ የማሾ ወጥ፣ ራት የማሾ ሾርባ። በሦስተኛው ሳምንት አዝናልኝ ይሁን ሰልችቷት እንጃ፣ «ዛሬ የተለየ ነገር ሠርቼልሃለሁ» አለችኝ። ክዳኑን ስከፍተው ያው ማሾ ነው፤ ልዩነቱ፣ ይሄኛው በቅሏል።

ሆድ ብቻ ተለውጦ አይበቃም ብዬ ደግሞ አእምሮዬንም ልለውጥ ተነሳሁ። ይህን ያመጣብኝ ስልኬ ነው። ከረባት ያሰረ አንድ ሰውዬ ቪዲዮ ላይ እየጮኸ «በየጠዋቱ መስታወት ፊት ቆመህ ማን እንደሆንክ ለራስህ ንገረው!» ይላል። መስታወት የሚቸግረኝ ሰው አይደለሁም፤ ሱቄ ውስጥ ከእግር እስከ ራስ የሚያሳይ አለኝ። በነጋታው በሩን ገርበብ አድርጌ፣ ይዤው የነበረውን ጨርቅ መሬት ጥዬ፣ ደረቴን ነፍቼ ቆምኩ።

«አንተ ተራራ ነህ!» አልኩት መስታወቱ ውስጥ ያለውን ሰውዬ። «ማንም አይገፋህም! ማነው የሚገፋህ? ይምጣ!»

ጋሽ መኮንን የሚባሉ ጡረተኛ፣ የዕድራችን ዳኛ፣ ሱሪያቸውን ሊያሳጥሩ መጥተው ከኋላዬ ቆመው ኖሯል። በመስታወቱ ውስጥ ተያየን።

«እኔ እንኳ አልገፋሁህም» አሉ ቀስ ብለው። ሱሪያቸውን ብብታቸው ውስጥ ከተው፣ ፊታቸውን ሳያዞሩ፣ ወደ ኋላ እየተራመዱ ወጡ። በዚያው ቀን ከሰዓት «ልብስ ሰፊው ጨርቁን ጣለ» የሚል ወሬ በከተማው ተነዛ። ምን ብዬ ላስተባብል? ጨርቁ እንደሆነ በእርግጥም መሬት ላይ ነበር።

ሩጫው የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ለሩጫ ቱታ ያስፈልጋል። ልብስ ሰፊ ሆኖ ቱታ መግዛት ነውር ነው ብዬ ሱቄ ውስጥ ጨርቅ ፈለግሁ፤ ለእኔ ስፋት የሚበቃ አንድ ብቻ ተገኘ፤ ለሐዘን ልብስ ከመጣው የተረፈ ጥቁር። ከላይ እስከ ታች ጥቁር ቱታ ሰፋሁ። ኪስ ማውጣት ስለረሳሁ ስልኬን ቤት ተውኩ። አስቴር ላብ መጥረጊያ ይሁንህ ብላ ነጭ ፎጣ አንገቴ ላይ ጣል አደረገችልኝ። ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ፣ ፀሐይዋ ጉልበት ሳታገኝ፣ በጀውሃ መንገድ እስከ ከተማው መውጫ ድልድይ ሮጬ ልመለስ ወጣሁ።

እስኪ ፍረዱኝ። በኛ ከተማ ሃምሳ ዓመት የሞላው ሰው፣ ያውም እንደ እኔ ያለ፣ በደህና ቀን ሲሮጥ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ወጣቶቹ ሲሮጡ ማንም ዞር ብሎ አያያቸውም። እኔ ስሮጥ ግን ሻይ ቤት የተቀመጠው ሁሉ ብርጭቆውን ይዞ ተነሳ።

የመጀመሪያውን መቶ ሜትር በክብር ሮጥኩ። በሁለተኛው ላይ ትንፋሼ ተለየችኝ። ጎረቤታችን እትዬ ወርቄ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ያገኙኝ በዚህ ጊዜ ነው። ጥቁር ለብሻለሁ፣ በፎጣ ፊቴን እጠርጋለሁ፣ አፌ ተከፍቷል።

«ምነው? ምን ሆነሃል? ወዴት ነው?» አሉኝ።

ልመልስላቸው ፈለግሁ፤ ድምፅ የለም። ሩጫ ላይ ነኝ ለማለት በእጄ መንገዱን አሳየኋቸው።

«ጀውሃ? እማማ ደብሪቱ ምን ሆኑ?»

እማማ ደብሪቱ አማቴ ናቸው፤ የአስቴር እናት፤ ጀውሃ ነው የሚኖሩት። ምንም አልሆኑም ልል ራሴን ነቀነቅሁ። የሚሮጥ ሰው ራስ ግን ወደ ጎን አይታዘዝም፤ የሚሄደው ወደ ላይና ወደ ታች ብቻ ነው።

«አረፉ?!» አሉ እትዬ ወርቄ።

ራሴ አዎ አለ።

ከኋላዬ ጩኸት ሰማሁ። ዞሬ ለማየት አቅም አልነበረኝም፤ እንዲያውም በልቤ «አየህ፣ ሕዝቡ ከጎንህ ነው» አልኩና ፍጥነት ጨመርኩ።

ድልድዩ ሳልደርስ አንዲት ባጃጅ አጠገቤ ቆመች። ነጂው ከማል ነው፤ የሠርጉን ሱፍ የሰፋሁለት ጨዋ ሰው።

«ጋሼ፣ በአላህ፣ ይግቡ!» አለኝ።

በእጄ ሂድ፣ ሂድ አልኩት።

«ወላሂ ትቼዎት አልሄድም! እስከ ጀውሃ በእግርዎ? ሰው ምን ይለኛል?»

ወረደና በብብቴ ሥር ገብቶ፣ ደግፎ፣ ገፍቶ፣ ከኋላ ወንበር ላይ ጫነኝ። ለመታገል ትንፋሽ ያስፈልጋል፤ እኔ ደግሞ የነበረችኝን ጨርሻለሁ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ስፖርት ልሥራ ብዬ ወጥቼ በግድ ባጃጅ ተሳፈርኩ።

ከተማውን ለቀን የሽንኩርቱና የማሽላው እርሻ በግራና በቀኝ ሲከፈት ድምፄ ተመለሰ።

«ከማል፣ ወዴት ነው የምትወስደኝ?»

«ወደ ለቅሶው ነዋ።»

«የማን ለቅሶ?»

ከማል በመስታወቱ አየኝ። ሐዘን ያፈዘዘኝ መስሎታል። ባጃጇን ቀስ አደረገና በለሰለሰ ድምፅ፣ «ጋሼ… አማትዎ እኮ ናቸው። እማማ ደብሪቱ። አላህ ሶብሩን ይስጥዎ» አለኝ።

እንግዲህ ብትስቁም ሳቁ፤ አመንኩት። ወሬውን ያስነሳሁት ራሴ መሆኔ ለአንዲት ሰከንድ እንኳ ብልጭ አላለልኝም። «ማን ነገረህ?» ስለው «ከተማው ሁሉ ያውቃል፤ የዕድሩ ጥሩምባ ተነፍቷል» አለኝ። የኛ ዕድር ደግሞ በዋዛ ጥሩምባ አይነፋም። ሰማዩ ላዬ ላይ ተደፋ።

ያንገበገበኝ ሞታቸው ብቻ አልነበረም። ከእማማ ደብሪቱ ጋር ከተኳረፍን ዓመት አልፎናል። ለበዓል ቀሚስ ሰፍቼላቸው «ጠበበኝ» አሉ። እኔ ደግሞ ሙያዬ ተነካ ብዬ፣ በእንግዳ ፊት፣ «እማማ፣ ቀሚሱ አልጠበበም፤ እርስዎ ነዎት የሰፉት» አልኳቸው። ቀሚሱን ለአራት አጥፈው ጭኔ ላይ አስቀመጡልኝ። ከዚያ ወዲህ አስቴር ብቻዋን ነው የምትጠይቃቸው። ለፋሲካ ይቅርታ እጠይቃለሁ፣ ለመስቀል እጠይቃለሁ፣ ለገና እጠይቃለሁ ስል፣ ይኸው ሞቱ። ባጃጇ ውስጥ በፎጣው ፊቴን ሸፍኜ አለቀስኩ። ይሄኛው ላብ አልነበረም። ከማልም እኔን እያየ አለቀሰ፤ ዓይኑ በእንባ እየተጋረደበት ሁለት ጊዜ ከአስፋልቱ ወጣን።

እማማ ደብሪቱ ደጅ ስንደርስ ድንኳን የለም፣ ለቅሶኛ የለም፣ ዶሮ ብቻ ይጭራል። ይህ ደግሞ ይባስ አንጀቴን በላው። ብቻቸውን ነው የሞቱት ማለት ነው። ደረቴን እየደቃሁ በቤቱ ጎን ወደ ጓሮ ዞርኩ።

«እማማ! ጥፋቱ የኔ ነው! ቀሚሱ ነው የጠበበው! ይቅር ሳይሉኝ የት ሄዱብኝ!»

«ሽንኩርት ልነቅል ነዋ» የሚል ድምፅ መለሰልኝ።

ቀና ስል እማማ ደብሪቱ ከአጥሩ ባሻገር፣ ሽንኩርታቸው መሐል፣ ጭብጥ ሙሉ ሽንኩርት ይዘው ቆመው ያዩኛል። ከማል «አዑዙ ቢላህ!» ብሎ ወደ ባጃጁ በረረ። እኔ መብረር ስለማልችል በቆምኩበት ተቀመጥኩ።

አማቴ ከላይ እስከ ታች አዩኝ። ጥቁሩን ሲያዩ ፊታቸው ተለወጠ። «ልጄ ምን ሆነች?»

«አስቴር ደህና ናት።»

«ታዲያ ማን ሞቶ ነው?»

«እርስዎ ነዎት» አልኳቸው።

ሽንኩርቱን ቀስ ብለው መሬት አስቀመጡ። «መቼ?»

«ዛሬ ጠዋት።»

«ማን አለ?»

ይህን ጥያቄ ስሰማ ነው የነቃሁት። እትዬ ወርቄ፣ የጠቆምኩበት እጄ፣ ወደ ላይና ወደ ታች ያለው ራሴ፣ ከኋላዬ የሰማሁት ጩኸት፤ አንድ በአንድ ገጠሙልኝ።

«እኔ ሳልሆን አልቀርም» አልኩ።

እንዴት እንደሆነ ላስረዳቸው ስጀምር የአይሱዙ ጥሩምባ ተሰማ። ዕድራችን በሌላ ነገር ቀርፋፋ ነው፤ በሞት ግን የሚቀድመው የለም። መኪናው ላይ ድንኳን ተጭኗል፣ አግዳሚ ወንበር ተጭኗል፣ ትልልቅ ድስት ተጭኗል፤ በዚያ ሁሉ ላይ አርባ ሰው ተጭኗል። ስልክ አይደውሉም ወይ ትሉኝ ይሆናል። ደውለዋል። የኔ ስልክ አልጋዬ ላይ ጮኸ። እማማ ደብሪቱ እርሻ ሲወርዱ ስልካቸውን ቤት ስለሚተዉት አላነሱም። በዚህም ሞታቸው ተረጋገጠ።

አስቴር ጸጉሯን ፈትታ፣ «እናቴን! እናቴን!» እያለች ወረደች። እናቷ «እመት» አሉ። የሆነውን አልነግራችሁም፤ እናትና ልጅ ተቃቅፈው መሬት ላይ ሲንከባለሉ ስንት ራስ ሽንኩርት እንደደቀቀ ብቻ ልንገራችሁ ብል እንኳ አላውቀውም። ከዚያ አስቴር ተነሳች፤ ጸጉሯን ቋጠረች፤ ዞረች።

«አንተ!»

«አስቴርዬ፣ ትንፋሽ አጥሮኝ ነው…»

«አላልኳችሁም?» አሉ ጋሽ መኮንን ለሕዝቡ። «መስታወቱን ሲሳደብ በዓይኔ አይቻለሁ!»

ክርክር ተነሳ። ከፊሉ አሁኑኑ እንመለስ አለ። ከፊሉ ደግሞ ድንኳን አንዴ ከወጣ ሳይተከል መመለሱ ገድ የለውም አለ። ጋሽ መኮንን ዕድሩ ከተቋቋመ ጀምሮ ሟች ቆሞ የተቀበለው ጊዜ ስለሌለ ደንቡ ምን እንደሚል አላውቅም አሉ። እትዬ ወርቄ «አረፉ ወይ ብዬ ጠይቄው አዎ ብሎኛል» እያሉ ይምላሉ። በዚህ መሐል እማማ ደብሪቱ ወገባቸውን ይዘው ሕዝቡን ከዳር እስከ ዳር ቆጠሩት።

«ስሙኝማ» አሉ። «ነጋዴው ሽንኩርቱን ሊጭን እኩለ ቀን ላይ ይመጣል። ሠራተኞቼ ዛሬ ቀሩብኝ። ድንኳኑን እዚያ ለጥላ ትከሉልኝ። ወንዶች ትነቅላላችሁ፣ ሴቶች ቅጠሉን ትቆርጣላችሁ።»

«እኛ እኮ ለለቅሶ ነው የመጣነው» አሉ ጋሽ መኮንን።

«ሽንኩርት ሲቆረጥ ታለቅሳላችሁ» አሉ አማቴ።

ሟች ሲያዝዝ እምቢ የሚባልበት ደንብም ስለሌለ ሕዝቡ ጎንበስ አለ። አርባ ሰው፣ አብዛኛው ጥቁር ለብሶ፣ በዚያ ሙቀት ሽንኩርት ይነቅላል። ከማል እንኳ የባጃጁን በር ከፍቶ ብዙ ካሰበ በኋላ መጣ፤ አማቴን በአንድ ጣቱ ትከሻቸውን ነካ አድርጎ ሲያረጋግጥ ጊዜ «አልሐምዱሊላህ» ብሎ ከሁላችንም በላይ ነቀለ። አማቴ በመደቦቹ መሐል እየተመላለሱ ይጠይቃሉ።

«አንቺ አለቀስሽልኝ?»

«ከሮቢት ጀምሮ፣ እማማ።»

«ተባረኪ። ጋሽ መኮንን፣ እርስዎስ?»

«እኔ እንኳ ስንደርስ ልጀምር ነበር» አሉ ጋሽ መኮንን ዓይናቸውን ከሽንኩርቱ ሳያነሱ።

እኔ ከአማቴ አጠገብ ባለው መደብ ነበርኩ። ሲስተሯ ያለችው ላብ ከሆነ የወር ድርሻዬን በአንድ ሰዓት ጨረስኩ። ወገቤን ላሳርፍ ቀና ባልኩ ቁጥር ግን አንድ ነገር አያለሁ። አማቴ ውኃ ይጠጣሉ። እኛ አንድ ኩባያ ስንጠጣ እሳቸው ጆግ ሙሉ ይጨልጣሉ፤ ትንሽ ቆይተው ከአጥሩ ጀርባ ደርሰው ይመለሳሉ፤ መልሰው ጆጉን ያነሳሉ። ሙቀቱ ነው ብዬ መንቀሌን ቀጠልኩ። ኋላ ግን የግራ እግራቸው አውራ ጣት በጨርቅ ተጠቅልሎ አየሁ።

«እማማ፣ ይሄ ምንድነው?»

«እንቅፋት መትቶኝ ነው።»

«መቼ?»

«ክረምት ሳይገባ። አልድን አለኝ እንጂ።»

ሲስተሯ የስኳር ምልክት ብላ የጠየቀችኝን ሁሉ በቃሌ አውቀዋለሁ፤ የኔ ፈተና ነበርና። እኔ ከእግሬ መደንዘዝ በቀር አንዱም አልነበረብኝም። እዚህ ግን ሁሉም ፊቴ ቆመው ሽንኩርት ይነቅላሉ።

«እማማ፣ አሁኑኑ ጤና ጣቢያ እንሂድ።»

«ሂድ ወዲያ! ጠዋት ገደልከኝ፣ አሁን ደግሞ ልታሳክመኝ?»

ለምን እንደሮጥኩ ነገርኳቸው። ስለ ስኳሩ፣ ስለ እግሬ መደንዘዝ፣ ሜትሩን ተቀብዬ ራሴን እንዳጋለጥኩ። ሲስቁ ቆዩና ሳቁ ጠፋ። ጆጉን አዩት። ባዶ ነው።

«ቅድም ስትገባ ያልከውን ድገመው» አሉኝ።

«የቱን?»

«የቀሚሱን።»

«ቀሚሱ ነው የጠበበው» አልኩ ቀስ ብዬ።

«ዕድሩ አልሰማህም።»

ቀና አልኩ። አርባ ሰው፣ ሁሉም ደንበኛዬ፣ ሽንኩርት ይዞ ያየኛል። ልብስ ሰፊ በደንበኞቹ ፊት እንዲህ ብሎ ሱቁን እንዴት እንደሚከፍት እግዜር ይወቅ። ትንፋሼን ሰበሰብኩና ጮህኩ። «የእማማ ደብሪቱን ቀሚስ ያጠበብኩት እኔ ነኝ! እሳቸው አልሰፉም! ልኬት ስቻለሁ!»

አስቴር ቢላዋዋን አስቀምጣ አየችኝ። ከተጋባን ጀምሮ ስህተቴን ሳምን የመጀመሪያዬ ስለነበር ፊቷ ላይ ምን ማሳየት እንዳለባት አላወቀችም። አማቴ እጃቸውን በነጠላቸው ጠረጉ።

«ከማል፣ ባጃጇን አስነሳት» አሉ።

ጀውሃ ጤና ጣቢያ አማቴን፣ አስቴርን፣ እኔንና ከማልን ያስገባን አንድ ወጣት ነርስ ነው። የአማቴን ጣት ወግቶ የመመርመሪያ መሣሪያውን አየ። መሣሪያውን አራገፈና ሌላ ጣት ወጋ። እንደገና አየ። ከዚያ ወንበሩን ወደ እሳቸው አስጠጋ።

«እማማ፣ ስኳርዎ በጣም፣ በጣም ከፍ ብሏል። ቁስሉም የማይድነው ለዚሁ ነው። ዛሬ ባይመጡ ኖሮ እግርዎን ሊያጡ ይችሉ ነበር። ይህን ሳይታከሙ ከቀጠሉ ደግሞ፣ አያድርገውና፣ ይሞታሉ።»

አስቴር እጄን ያዘች፤ ሽንኩርት በሽንኩርት የሆነውን እጄን አጥብቃ ያዘች። ከማል ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። እማማ ደብሪቱ ብቻ የተወጋ ጣታቸውን በጥጥ ይዘው ነርሱን በትዕግሥት ተመለከቱት።

«ልጄ፣ በሞት አታስፈራራኝ» አሉት። «ዛሬ ጠዋት ሞቼ አይቼዋለሁ፤ ሰው ይበዛበታል። ይልቅ የምበላውን ንገረኝ።»